ሻምበል የቀለበው

«ምን በላ?»

የእንስሳት ሐኪሙ ጋሽ ኢሳይያስ የሻምበልን ሆድ በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ይጫናሉ። ሻምበል የእነምሕረት ውሻ ነው። ማዕረጉ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ሌባ ሲመጣ ቀድሞ የሚደበቀው እሱ ነው። አሁን የቡና ማስጫው ሥር ተጋድሟል። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ ሲቀምስ ይመልሰዋል።

«ፓፓያ ብቻ» አለ ሱሀይብ፣ የጎረቤት ልጅና የምሕረት ጓደኛ። «እሱም ፍሬው ወጥቶ።»

«ፍሬው ከወጣ ፓፓያ እንዲህ አያደርገውም» አሉ ጋሽ ኢሳይያስ።

ምሕረት የሱሀይብን ጫማ አየች።

ትናንት ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ፣ ጉሙ ከጫካው ወርዶ ግቢው ውስጥ ተኝቶ ነበር። አቮካዶው ከዛፉ ዱብ ዱብ ይላል። ሰፈርተኛው አቮካዶ የውሻ ጸጉር ያሳምራል ስለሚል ሻምበልን የሚከለክለው የለም። ሱሀይብ አንዱን አቮካዶ በልቶ የሚያሙለጨልጨውን ፍሬ ወደ ላይ ወረወረው። ፍሬው ጉሙ ውስጥ ገባ፤ እዚያው የሚቀር መሰለ። ከዚያ ወረደ። ሻምበል ዘሎ ቀለበው። እስኪተፋው ጠበቁ። አልተፋውም። ሁለቱም ሳቅ በሳቅ ሆነው ሣሩ ላይ ወደቁ። ሻምበልም የተመሰገነ መስሎት ጭራውን ቆላ።

«መርዝ ቀምሶ ይሆናል» አሉ ጋሽ ኢሳይያስ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ። «መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ። ነገ ከሸኮ ስመለስ አየዋለሁ።»

ወደ ሞተራቸው ሄዱ።

«አባትሽ ከሰማ እዚህ ግቢ ድርሽ አልልም» አለ ሱሀይብ በሹክሹክታ። «በእናትሽ፣ ምሕሬ፣ አታሳጪኝ።»

«እስከ ነገ ባይቆይስ?»

«ይቆያል። ሻምበል አይደል እንዴ?»

ሻምበል ዓይኑን ጨፍኗል። እግሮቹ ግን ይንቀሳቀሳሉ፤ በሕልሙ የሆነ ነገር ያባርራል። ምናልባት ያንኑ ፍሬ።

ሞተሩ መጀመሪያ እምቢ አለ። ሁለተኛው ላይ ተነሣ። ምሕረት ዛፉ ሥር ሄዳ ከጭቃው አንድ የአቮካዶ ፍሬ አነሣች፤ በቀሚሷ ጠረገችውና ሞተሩ ፊት ቆመች።

«ይህን ያህላል» አለች፣ ፍሬውን መዳፋቸው ላይ አስቀምጣ። «የዋጠው።»

ጋሽ ኢሳይያስ ፍሬውን አገላብጠው አዩት። ሞተሩን አጠፉ።

«ይሄማ በመድኃኒት አይወጣም፤ ሆዱ መከፈት አለበት። መቼ ነው የዋጠው?»

ምሕረት ማን እንደወረወረው አልተናገረችም። ወደ ኋላዋም አልዞረችም።

«ትናንት» አለ ከኋላዋ ሱሀይብ። «ከሰዓት። እኔ ወርውሬለት።»