በማን እጅ ልክ

«ስድስት ነጥብ። ታች፣ ግራ» አሉ አሰልጣኟ።

የኢላማውን ወረቀት ከመያዣው አላቀው ለልጅቷ ሰጧት። ከአሥሩ ጥይት ሰባቱ ከጥቁሩ ክብ መሃል ሸሽተው ታች በስተግራ ተኮልኩለዋል። ተበታትነው ቢሆን ኖሮ «ዛሬ ቀኔ አይደለም» ብላ ታልፈው ነበር። እንደተማከረ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስበው መሳታቸው ነው ያንገበገባት።

«ጡጫ ዛሬም ጨመቀችው!» አለች በቀጣዩ መስመር የቆመችው ጓደኛዋ።

«አቦ አታካብጂ!»

«እኔ ምን አልኩ? ወረቀቱን ጠይቂው።»

ጡጫ የሚለውን ስም በክለቡ ያወጣላት ይኸው ጥፋቷ ነው። የአየር ሽጉጥ ሲያዝ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት እጀታውን ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይጫናሉ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ያርፋሉ፤ ጠቋሚ ጣት ከቃታው በቀር ምንም አይነካም። ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት ይህን ሁሉ ሳትሳሳት ትመልሳለች። ቃታው ሊለቅ ሲል ግን አምስቱም ጣቶቿ አብረው ይኮማተራሉ፤ አፈሙዙም ዝቅ ይላል።

ቅዳሜ ማጣሪያ ነው። አርባ ጥይት ተኩሶ ሦስት መቶ ስልሳ ነጥብ ያመጣ ለታዳጊዎች ቡድን ይመረጣል። ጡጫ ከሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት አልፋ አታውቅም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም፤ ያላት ይህች ቅዳሜ ብቻ ናት። ዛሬ ረቡዕ ነው።

አሰልጣኟ ወረቀቱን ሲያዩ ቆዩና «እስቲ ሽጉጡን አምጪው» አሉ። «ያልሞከርነው ነገር አንድ ብቻ ነው።»

እጀታውን እስካሁን የጠረጠረው ሰው አልነበረም። የክለቡን የእንጨት እጀታዎች በሙሉ የሚሠራው አናጢው አባቷ ነው፤ ሥራውን «አንድ ፀጉር አያስገባም» ይሉለታል። አሰልጣኟ በእጀታው ላይ የጠመኔ ዱቄት አሹበት።

«እንደ ልማድሽ ያዢው። አሁን ልቀቂውና መዳፍሽን አሳዪኝ።»

የጣቶቿ ጫፍና የአውራ ጣቷ ሥር ነጭ ሆነዋል። የመዳፏን መሃል ጠመኔ የሚባል ነገር አልነካውም።

«አየሽ? እንጨቱ እጅሽን አይሞላውም። መሃሉ ባዶ ስለሆነ ነው ጣቶችሽ የሚጨብጡት፤ እንዳይወድቅ እየታገልሽ ነው» አሉ። ከዚያ የመሃል ጣት የሚያርፍበትን ቦይ በጥፍራቸው ተከተሉት። ቦዩ ግማሽ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄድና ወደ ውጭ ይጠማል። ፊታቸው ተለወጠ። «የመሃል ጣትሽ ተሰብሮ ያውቃል?»

«የኔ? አያውቅም።»

አሰልጣኟ ብሎኑን ፈትተው እጀታውን ብቻ ሰጧትና ሽጉጡን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። «ከአባትሽ ጋር ተነጋገሩበት» አሉ፤ ዓይኗን ግን አላዩም።

ጡጫ የማን ጣት እንደሆነ ገብቷታል። ታላቅ ወንድሟ በልጅነቱ በር የመሃል ጣቱን ቀርቅሮበት ጠማማ ሆኖ ነው የዳነው። እሱም በዚሁ ክለብ ተኳሽ ነበር፤ ከሷ የተሻለ ተኳሽ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጣ፤ አሁን በሌላ ከተማ የጭነት መኪና ይነዳል። አባቷ ስሙን አያነሳም። እሷ ስትስት ብቻ «ወንድምሽ እንኳ አይጨብጥም ነበር» ይላል።

ከአምስት ወር በፊት አባቷ እጇን ካርቶን ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ነድፎ ነበር። እርሳሱ በጣቶቿ መሃል ሲያልፍ ኮርኩሯት ስትስቅ «ዝም በይ፣ ልኩን ታበላሺብኛለሽ» አላት። በአሥረኛው ቀን ዘይት ጠጥቶ የሚያብረቀርቅ እጀታ ሰጣት። «በእጅሽ ልክ የሠራሁት ነው» አለ። ያን ዕለት ትራሷ ሥር አድርጋው ነበር የተኛችው። ያንን ስታስታውስ አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ተናደደች።

ታክሲ ስትጠብቅ ለወንድሟ መልእክት ላከች።

«አባዬ ያንተን እጀታ ለኔ ሰጥቶኛል። በእጅሽ ልክ ሠራሁልሽ ብሎ።»

መልሱ የመጣው ሁለት ታክሲ ካለፈ በኋላ ነው። «ስወጣ የወረወርኩለትን? እስካሁን አለ እንዴ?»

«አለ። ቅዳሜ ማጣሪያ አለኝ። ሞርጄ ላስተካክለው ነው።»

«እንዳትነኪው!! ሞኝ አትሁኚ፣ የሽማግሌው ልብ ይሰበራል። አደራ።»

ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደውሎ «አባዬ እንዴት ነው?» ያላለ ሰው ዛሬ ለአባቱ ልብ አሰበ። ስለ ማጣሪያው አንዲት ቃል አልጻፈም።

አባቷ ከጓሮ ባለው ሥራ ቤቱ የበር ጣውላ እየላገ ነበር። እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«አባዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ።»

«ከኔ በፊትስ የማን ነበር?» አለች።

አባቷ መላጊያውን አስቀመጠ። «ይሄ ጥሩ እንጨት ነው። እንዲህ ያለ አሁን ከየት ይገኛል?»

«ስለ እንጨቱ አልጠየቅኩህም።»

«እጅሽ ሲያድግ ይሞላዋል ብዬ ነው።»

«ጣቴም ሲያድግ ይጠማል?»

አባቷ በጭንቅላቱ ላይ ያረፈውን ፍቅፋቂ አራገፈ። ሲናገር ወደ እጀታው እንጂ ወደሷ አልነበረም። «እንጨት ሳይያዝ ከተቀመጠ ይደርቃል። ከደረቀ ይሰነጠቃል። የሰው እጅ ወዝ ያስፈልገዋል። መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ጫፉ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። አንቺ ብትይዥው፣ እሱ እስኪመጣ...»

አምስት ወር ሙሉ ላቧ የወዛው ለዚህ ኖሯል። ስትስቅባት የኖረችው ጓደኛዋ፣ ስድስት ስድስት የሚሉት ወረቀቶች፣ መስታወት ፊት ቆማ ክንዷ እስኪዝል የተለማመደችው ሁሉ አንድ እንጨት እንዳይሰነጠቅ ነው።

«የኔን ሥራልኝ» አለች። «የነደፍከው ካርቶን አለ አይደል?»

«በሦስት ቀን እጀታ አይወጣም። ለእጀታ የሚሆን እንጨትም የለኝም።» ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ «ለቅዳሜ እንደምንም ነው፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው» አላት።

ለተኳሽ፣ ለዚያውም ጡጫ ለምትባል ተኳሽ፣ ከዚህ የከፋ ምክር አልነበረም። እሱም ያውቀዋል። የበሩን ጣውላ ተሸክሞ ለደንበኛው ሊያደርስ ወጣ።

ጡጫ ብቻዋን ቀረች። ወንድሟ አደራ ብሏታል። አባቷ አትንኪው አላላትም፤ ግን አንዲት ልጅ ያባቷን ሆድ ለማወቅ ቃል አያስፈልጋትም። እንዳለ ብትተወው ቅዳሜ ሦስት መቶ ሃምሳ አምጥታ፣ ተጨብጭቦላት፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ማንም አይቀየማትም።

እጀታውን በጨርቅ ጠቅልላ እንጨት በሚያጣብቀው ሞርሳ ላይ አሰረችው። ሞረድ መረጠች።

መጀመሪያ የጠማማውን ቦይ ጠርዝ ነካችው። እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ ብናኙ ቀይ ነው። ሦስት ጊዜ ሞርዳ እጇ ቆመ። ወንድሟ እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጠማማ ጣቱን ዘርግቶ «ወደ ቀኝ ታጠፊ የሚል የመንገድ ምልክት ነው» እያለ ሲያስቃት ታያት። ናፈቃት። ናፍቋት እየሞረደች ቀጠለች፤ ቦዩ እስኪጠፋ ድረስ።

የመዳፉን ጉድጓድ ለመሙላት አባቷ ሲያደርግ እንዳየችው ብናኙን ሰብስባ በኮላ ለወሰችው። ጎድጓዳው ውስጥ ጠቀጠቀችና በስስ ፌስታል ሸፈነችው። ቀጣዩን ታውቀዋለች። ሊጡ ገና እርጥብ ሳለ እጀታውን በትክክል ይዛ፣ ሳትነቃነቅ፣ ኮላው እስኪጨብጥ መቆየት አለባት። መሃል ላይ ከለቀቀችው ቅርፁ ይበላሻል፤ ለሌላ ሙከራም ቀን የለም። እጀታውን ከሞርሳው ፈትታ ያዘችው።

በሩ ተከፈተ። አባቷ መሬቱ ላይ ያለውን ቀይ ብናኝ አየ፤ ከዚያ እጇን። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ጣቱን አጠፋሽው?» አለ።

«አጠፋሁት።»

«ሲመጣ ምን ይይዛል?»

«ሌላ ትሠራለታለህ» አለች። «እጁን ለክተህ።»

አባቷ በሩን ሳይዘጋ ወጣና ከግድግዳው ወዲያ የተደረደረው ጣውላ ላይ ሲቀመጥ ተሰማት። መጀመሪያ የሚያስል መሰላት። አባቷ ሲያለቅስ ሰምታ ስለማታውቅ ለመለየት ጊዜ ወሰደባት።

ሄዳ አጠገቡ ልትቀመጥ ፈለገች። አንድ እግሯን እንኳ አነሳች። በመዳፏ ሥር ሊጡ ሞቅ ብሎ ገና ይንሸራተታል። እግሯን መለሰች፤ ክንዷን ቀጥ አድርጋ ዘረጋችና፣ የአባቷን ለቅሶ እየሰማች፣ ኮላው እስኪደርቅ ቆመች።