የአየር ጤናው ቅጂ ለምን ቆመ?

የወይዘሮ ወለተጻድቅ አስከሬን ለምርመራ ተወስዷል። አልጋው ላይ የቀረው ነጠላቸው ነው። ከአየር ጤናው ክሊኒክ ውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጮሃሉ።

ኢንስፔክተር ጥሩነህ ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ኮምፒውተሩ ፊት አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ትሕትና ትባላለች፤ የክሊኒኩን ዳታቤዝ፣ የሕሙማን ካርድ ያለበትን የኮምፒውተር መዝገብ፣ እንድትጠብቅ የተቀጠረች ጀማሪ ናት። የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ማርቆስ ከኋላዋ ቆመዋል።

«ምን ትጠብቂያለሽ? የቆመውን ቅጂ ከቤቴል ቅርንጫፍ እንደ አዲስ ገልብጪውና ይለቅ!» አሏት።

«ማንም እንዳይነካው» አሉ ጥሩነህ።

ዶክተሩ ዞሩ። «ኢንስፔክተር፣ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ሴትዮዋ ፔኒሲሊን አይስማማቸውም። ሰኞ ዕለት ቤቴል ቅርንጫፋችን ተመዝግቦ ነበር። የኛ ቅጂ ከሰኞ ጀምሮ ቆሞ ኖሮ አልደረሰንም። ዛሬ ጠዋት እኔ ፔኒሲሊን አዘዝኩ፣ ሲስተር ሃና ወጋች፣ ሞቱ። ጥፋቱ መቆሙን ያላየችው የዚች ልጅ ነው።»

ትሕትና አንገቷን ደፋች። የፖሊስ መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ለማን እንደመጣ ታውቃለች።

«ካርዳቸውን አይተው ነው ያዘዙት?» አሉ ጥሩነህ።

«እንዴታ! ረቡዕ ቤቴል ሲለኩ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነበር። እሱን አይቼ የግፊት ኪኒናቸውን ሁሉ ቀይሬያለሁ። እኔ ሳላይ አላዝም።»

ጥሩነህ አመስግነው ዶክተሩን አስወጡና በሩን ዘጉ።

«ልጄ፣ እኔ በስልክ መደወልና ማንሳት ብቻ ነው የማውቀው። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

«ዋናው ዳታቤዝ ቤቴል ነው ያለው። እዚያ የተጻፈ ሁሉ በተጻፈበት ተራ እዚህ ቅጂው ላይ ይገለበጣል። አንዱ እምቢ ካለ ከኋላው ያለው አያልፍም።»

«ይሄ ቀይ ጽሑፍ ምን ይላል?»

«ቤቴል ያለው ሐኪም ሞታቸውን ሲሰማ የፔኒሲሊኑ መስመር ላይ ‹ለሞት ያበቃ› ብሎ ጨመረ። ቅጂው መስመሩን ፈልጎ አጣውና ቆመ።»

«እዚህ መጻፍና ማጥፋት የሚችለው ማነው?»

«እኔና ዶክተር። ሲስተር ሃና ማየት ብቻ ነው የምትችለው።» እንባዋ መጣ። «ቅጂው ላይ ማንም እንዳይጽፍ መቆለፍ ነበረብኝ። አላወቅኩም፣ ኢንስፔክተር።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ቤቴል፣ ዋናው ጋ። ከሞቱ በኋላ ነው የተጠራሁት።»

ጥሩነህ የሟችን ካርድ አስከፈቱ። የረቡዕ ግፊት እዚያው ተጽፏል። የሰኞው የፔኒሲሊን ጽሑፍ ግን የለም። ከዚያ ሁሉንም ጠሩ። የሟች ልጅ ማርያማዊትም የእናቷን ነጠላ አንስታ መጣች።

«ዶክተር፣ ቅጂው ከሰኞ ጀምሮ ቆሟል ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«የረቡዕን ግፊት ታዲያ በምን አዩት?»

«ምናልባት... ሴትዮዋ ነግረውኝ ይሆናል።»

«እሳቸው ካርድ ላይ አይጽፉም፤ ካርዱ ላይ ግን አለ። ተራ ጠብቆ የሚገባ ነገር ነው። የረቡዕ ከገባ የሰኞው ቀድሞት ገብቷል። የፔኒሲሊኑ ጽሑፍ እዚህ ነበር፤ ሰው አጠፋው። ትሕትና ብታጠፋ ኖሮ ዋናው በእጇ እያለ ቅጂውን ለምን ትነካለች? ከዋናው ብታጠፋው ከሁለቱም ይጠፋ ነበር፤ ቅጂውም ባልቆመ። ያጠፋው ቅጂው ብቻ በእጁ የነበረ ሰው ነው። ያ ሰው ልጅቷን እንደ አዲስ ገልብጪው ይላታል። ብትገለብጠው የጠፋው ይመለሳል፣ ማን እንደነካውም አይታወቅም።»

ዶክተር ማርቆስ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ሳላነብ ነው ያለፍኩት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግፊቱን አየሁ፣ ከላዩ ያለውን አላየሁም። መውደቃቸውን ስሰማ ነው ክፍሌ ተመልሼ ያነበብኩት።»

«ያኔ አጠፉት።»

«ያኔ...»

ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው ሲስተር ሃና ቀና አለች።

«ያኔ ነፍሳቸው ገና አልወጣችም ነበር» አለች። «‹ዶክተር! ዶክተር!› እያልኩ በሩን ስደበድብ ነበር እኮ። የነፍስ አድን መርፌው ያለው እርስዎ ክፍል ነው። ከውስጥ ቆልፈው ነበር።»

ማርያማዊት ነጠላውን ደረቷ ላይ ጨምድዳ ያዘች። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ጥሩነህ በሩን ከፍተው ቆሙ።

«ዶክተር፣ ይቅደሙ» አሉ።