ግርማ ባህር ላይ ሳለ በሬን ያንኳኳው

እኔ አስካለ ነኝ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክርና የልብስ ቁልፍ የምሸጥ፣ አራዳ ተወልጄ አራዳ ያረጀሁ ሴት፣ እና ከመጀመሪያው በአንድ ነገር እንግባባ፣ ስለ መንፈስ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ኮቴ ወሬ ሲመጣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድማ የምትስቀው እኔ ነበርኩ። ልጆች ሆነን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ አንድ ጉድጓድ በቀትር ይጮሃል ሲባል ሌሎቹ ሲሸሹ እኔ አፉ ላይ ጎንበስ ብዬ ሰድቤው መጥቻለሁ፣ እመኑኝ፣ መልስም አልሰጠኝም። ስለዚህ አሁን የማወራላችሁን ነገር "ሴትዮዋ ፈርታ ነው" ብላችሁ እንዳታልፉት፣ አልፈራሁም፣ ዛሬም አልፈራም፣ የሆነው ግን ሆኗል።

ነገሩ የጀመረው በመርከብ ነው። አዎ በመርከብ፣ ባህር በሌለበት ፒያሳ! ትልቋ ልጄ ሳምራዊት ዱባይ ነው የምትሠራው፣ ባለፈው ጥር ታናሿ ቤቲ ከዩኒቨርሲቲ እረፍት ስትወጣ "ሁላችሁም ኑ፣ በሽርሽር መርከብ ባህር ላይ እንሰንብት፣ ጋባዧ እኔ ነኝ" አለች። ባለቤቴ ግርማ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ ሌላ ሰው እየነዳለት እሱ ቁጭ ብሎ የሚሄድበት ነገር በመገኘቱ እንደ ልጅ ፈነደቀ። እኔ ግን አልሄድም አልኩ።

"እማዬ፣ ባህሩን ፈርተሽ ነው አይደል?" አለች ቤቲ ሙድ እየያዘችብኝ።

"ባህሩ ይፍራኝ! ቤቴን ባዶ ትቼ የትም አልሄድም።"

ምክንያት ነበረኝ። በዙሪያችን የነበሩት ቤቶች አብዛኞቹ ፈርሰዋል፣ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፣ ከአጥራችን ወዲያ ሰፊ መንገድና ረጃጅም የመንገድ መብራት ሆኗል፣ የቀረነው እኛና አጥር የምንጋራቸው እትዬ ዘነቡ ብቻ ነን። ቤቱን ያወረሰኝ አባቴ ነው፣ ወለሉም እንጨት፣ ደረጃውም እንጨት፣ ግማሽ ዕድሜዬን ሰም ስቀባው የኖርኩት ቤት ነው፣ እና ቆልፌ ከሄድኩ ስመለስ በሩም ደረጃውም አይኖርም የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። እልኸኛ ነኝ፣ ያውቁኛል፣ ብዙም አልለመኑኝም። ግርማ ሻንጣውን እየጎተተ "እንግዲህ ቤቱ ከተነሳ መሪውን ያዢ" ብሎ ቀለደብኝና ሄዱ።

መርከቧ በተነሳችበት ቀን ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ደወሉልኝ። ቤቲ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ሁሉን አሳየችኝ፣ መዋኛውን፣ ሊፍቱን፣ በሰልፍ የተደረደረውን ምግብ፣ ከዚያ ግርማ መጣ፣ ቁምጣ ለብሶ! በትዳር ዘመናችን ቁምጣ ለብሶ አይቼው አላውቅም፣ ሳቄ እንባዬን አመጣው።

"አስኩ፣ ይሄ ነገር ይሄዳል ብለሽ አታምኚም፣ ሻዬ እንኳን ንቅንቅ አይል" አለኝ ብርጭቆውን ወደ ስልኩ እያስጠጋ።

ተሰነባብተን ስልኩን ዘጋሁና የራሴን ሻይ ላነሳ እጄን ሰደድኩ። ሻዬ ዘንበል ብሏል። ብርጭቆው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጠረጴዛው አልተነቃነቀም፣ ሻዩ ብቻ በመስኮቱ በኩል ከፍ ብሎ ቆይቶ፣ ቀስ እያለ ደግሞ ወደ እኔ በኩል ከፍ አለ። ቀና ስል ከጣሪያው የተንጠለጠለው መብራት እንዲሁ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፣ ነፋስ የለም። መንገድ የሚቆፍር መኪና መጥቶ ይሆናል ብዬ ወጥቼ አየሁ፣ እሁድ ነበር፣ መንገዱ ላይ ብስክሌት ከሚነዱ ልጆች በስተቀር ማንም የለም። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ተመልሼ ገባሁና ሻዬን ጠጣሁት። እውነቴን ነው፣ በእጄ ይዤ ጭልጥ አደረግኩት።

በማግስቱ ኮቴ መጣ። ሱቁን ዘግቼ ለምሳ ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን የሚመጣ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፣ ሸርተት፣ ሸርተት፣ ከዚያ "እህም" የሚል ጉሮሮ መጥረግ። ያቺን "እህም" ከሺህ ሰው መሃል አውቃታለሁ፣ ግርማ ክፍል ሊገባ ሲል ሁሌ እንደዚያ ነው የሚለው። ቢላዋውን እንደያዝኩ ወጣሁ፣ ሳሎኑ ባዶ ነው፣ ነጠላ ጫማው ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ነው፣ ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩለት። ቤቱ ውስጥ የማላውቀው ጠረን ነበር፣ እርጥብ ገመድና ጨው የሚመስል፣ ባህር ሸትቶኝ ስለማያውቅ ባህር ነው ልላችሁ አልችልም።

ጆሮዬ ነው፣ እርጅና ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል እትዬ ዘነቡ ሎሚ ሊዋሱ መጡ። ወንበር ሰጥቻቸው ስለ ልጆቹ እያወራን ሳለ ኮቴው እንደገና ተነሳ፣ ሸርተት፣ ሸርተት፣ "እህም"። እትዬ ዘነቡ ወደ መኝታ ቤቱ ዞር ብለው በፈገግታ፣

"ግርማ ቀርቶ ነው እንዴ? ሄዷል አላልሽኝም?" አሉ።

"ባህር ላይ ነው እትዬ" አልኳቸው።

ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። አማተቡ፣ ሎሚውን ረስተው ተነሱና ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ዛሬውኑ ጠበል እናስረጭ፣ እስከዚያው እኔ ጋ ነይ።"

"የገዛ ቤቴን ለኮቴ ለቅቄ ልውጣ? እሱ ሲደክመው ይውጣ እንጂ እኔ አልወጣም!"

"አንቺ ልጅ፣ እልህሽ አንድ ቀን ያጠፋሻል" አሉኝ ከደረጃው እየወረዱ። ክብራቸውን ብጠብቅም፣ ልጅ መባሉም ደስ ቢለኝም፣ አልተከተልኳቸውም።

በሚቀጥለው ቀን ከመርከቡ ስልክ አልመጣም። ስደውል ሊገኙ አልቻሉም ይለኛል፣ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ባህር መሃል ኔትወርክ አይኖርም ብዬ ዋልኩ። ኮቴውም ቀኑን ሙሉ አልተሰማም፣ ብታምኑም ባታምኑም ዝምታው ነው የባሰብኝ። ጀምበር ጠልቃ የመንገዱ መብራት ሲበራ፣ በሩን ቀርቅሬ ቁጭ እንዳልኩ፣ የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። ሰው እየወጣ ነው። በረንዳው ላይ ቆመ፣ "እህም" አለ፣ በሩን በጣቱ ቆርቆር አደረገ።

"አስኩ፣ ክፈቺልኝ።"

የግርማ ድምፅ ነው። ተነስቼ መቀርቀሪያውን ያዝኩ፣ ልስበው ነበር፣ እግዚአብሔርን፣ ልስበው ነበር። ግን ዓይኔ ወደ ታች ሄደ። የመንገዱ መብራት በበሩ ስር ገብቶ ወለሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፣ በሩ ላይ ሰው ሲቆም መስመሩ በእግሩ ይቆረጣል፣ አሁን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተቆረጠም።

"አስኩ፣ በርዶኛል። ክፈቺልኝ።"

"ልጆቹስ?" አልኩት። መቀርቀሪያውን አልለቀቅኩም። "ግርማ፣ ልጆቼ የት ናቸው?"

በሩን ደግሞ ቆርቆር አደረገ።

"ልጆቼን ባህር ላይ ጥለህ ነው ብቻህን የመጣኸው?"

"ደክሞኛል፣ አስኩ።"

ያን ጊዜ ምን እንደገባኝ አሁንም በደንብ ልነግራችሁ አልችልም፣ ብቻ ይህን በር ከከፈትኩ ባሌን ከእንግዲህ በቁምጣ አላየውም የሚል ነገር ደረቴን ወጋኝ። በሩን በጡጫዬ ደበደብኩት።

"አልከፍትም! ሰምተኸኛል? ደከመኝ ብሎ ነገር የለም! ተመለስ፣ ልጆችህን ይዘህ፣ ሻንጣህን እየጎተትክ፣ በእግርህ ና! ግርማ፣ ተመለስ ብዬሃለሁ!"

እትዬ ዘነቡ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ጩኸቴን ሰምተዋል፣ ጠይቋቸው። ኮቴው አንድ ደረጃ ወረደ፣ ቆመ፣ ደግሞ ወረደ፣ ከዚያ ጠፋ። እኔ እስኪነጋ በሩ ስር ተቀምጬ ነበር።

ጠዋት ሳምራዊት እያለቀሰች ደወለች። አባቷ ትናንት ምሽት ለእራት ሊቀመጡ ሲሉ ወድቆ ነበር፣ ልቡ ቆሞ ነበር፣ የመርከቧ ሐኪም ደረቱን እየተጫነ ሲታገል ቆይቶ አበቃለት ሊሉ ሲሉ በድንገት ተነፈሰ። "ደህና ነው እማዬ፣ ነቅቷል፣ አንቺን ስጡኝ እያለ ነው" አለችኝ። ስልኩን ሰጠችው። መጀመሪያ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ በደከመ ድምፅ፣

"አስኩ፣ እንዲህ ይቆጧል?" አለኝ።

ወደብ ሲደርሱ ሆስፒታል ሰነበተ፣ ከዚያ ይዘውት መጡ። ቦሌ ላይ ተቀበልኩት፣ ከስቷል እንጂ ግርማ ነው፣ ቀልዱም አብሮት መጥቷል። ስለዚያ ምሽት ግን አንስቶ አያውቅም ነበር፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ ሰው ከእንደዚያ ካለ ነገር ሲመለስ ይረፍ እንጂ ይመረመራል እንዴ? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ብርቱካን እየላጥኩለት ሳለ ነው ራሱ የጀመረው።

"እኔን መመለስሽ ጥሩ ነው" አለ፣ መንገዱን እያየ። "እሱን ግን ለምን አስገባሽው?"

"ማንን?"

"አብሮኝ የመጣውን።"

"እኔ በሩን አልከፈትኩም፣ ግርማ። ለማንም አልከፈትኩም።"

"እኔ ከደረጃው ስመለስ እሱ አልተከተለኝም" አለ። "በስሜ ነው የጠራሽኝ፣ ተመለስ ያልሽው እኔን ነው። እሱን ምንም አላልሽውም።"

ማን እንደሆነ ጠየቅኩት፣ ፊቱን አላየሁም አለኝ፣ ከፊት ከፊት እየሄደ መንገዱን ያሳየው እሱ ነው፣ በጨለማ ሳይደናቀፍ፣ የትኛው ደረጃ እንደላላ ሳይቀር እያወቀ። "ቤቱን ያውቀዋል፣ አስኩ" አለኝ። ብርቱካኑን ግማሹን ትቶት ገባ።

አሁን ሳምራዊት በየቀኑ እየደወለች ቤቱን ልቀቁ ትለናለች፣ ቤቲ ጓደኛዋ ቤት ማደር አብዝታለች፣ እትዬ ዘነቡ ከዚያ ምሽት በኋላ ከአጥራቸው አልፈው አያውቁም። ጠበሉን አስረጭቻለሁ፣ ቄሱ ሳሎኑ መሃል ሲደርሱ ለምን ድምፃቸውን ዝቅ እንዳደረጉ ጠይቄያቸው ጉንፋን ነው አሉኝ። እኔ ግን አልለቅም። ቤቱን ካወቀው ባለቤቷንም ይወቃት፣ ይህን ጮክ ብዬ፣ ሳሎኑ መሃል ቆሜ ነግሬዋለሁ።

ግርማ አንድ አመል ብቻ አምጥቷል። ሲመሻሽ ሊቀመጥ ሲል መጀመሪያ ወንበሩን በእጁ ዳሰስ ያደርገዋል፣ አንዳንዴ እጁን ቶሎ ይሰበስብና ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ሌላ ወንበር ይፈልጋል። እሱ ወደተወው ወንበር ሄጄ፣ ሳልዳስስ፣ ዘፍ ብዬ የምቀመጠው እኔ ነኝ።