«ገመድ ጣሉልኝ!»

የካርቱን ሠሪው የደጉ አስከሬን ከተከራየበት ግቢ የውሃ ጉድጓድ በወጣበት ጠዋት፣ በር ላይ የቆመ ባጃጅ የሟቹን ድምፅ ከሙዚቃ ጋር ያስጮህ ነበር፤ «ኧረ ገመድ ጣሉልኝ!»

ደጉ ለልጆች በሠራው ካርቱን ውስጥ ጉድጓድ የገባች አህያ በእሱ ድምፅ የምትለው ነው። ወንደሰን የተባለ የሰፈሩ ቪዲዮ አቀናባሪ አምስት ሰከንዷን ቆርጦ የሙዚቃ ምት ጨመረባት። ከዚያ በወደቀ ሰው ቪዲዮ ሁሉ ላይ ተለጠፈች። አገር ሳቀ። ምኑ እንደሚያስቅ እንጃ!

ፖሊስ የያዘው ሚስቱን ሶፊን ነው፤ የሰባት ወር ልጇን እንደታቀፈች። አከራይዋ እትዬ እታገኘሁ «ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ» ብለውባታል። ኢንስፔክተር መሰረት ግን ጠዋቱን ሙሉ ስልኳ ላይ ቪዲዮዎቹን ስታይ ቆይታ፣ ሶፊን፣ አከራይዋንና ወንደሰንን ጉድጓዱ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሶፊ፣ ጠቡ በምን ነበር?»

«ካርቱኑን ከኢንተርኔት ላይ አጥፋው አልኩት። ሌሎች የለጠፉትንም አስጠፋለሁ ብሎ ወጣ። በዚያው ሲቀር ተናዶብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ድምፁን የት ነው የቀዳው?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ። በዚህ ቆርቆሮና ዝናብ ሌላ ምን መላ አለ? አንዴ ብቻ ነው የቀዳው። ከዚያ ወዲህ ቃሏን ጠልቷት ነበር።»

«ወንደሰን፣ አንተስ ትናንት የት ዋልክ?»

«ዴራ ከተማ፣ ሠርግ ስቀርጽ። ማታ ነው የገባሁት።»

«ዛሬ ንጋት ላይ የለቀቅኸው ቪዲዮስ?»

«የድሮው ድምፅ ነው። ምቱን ብቻ ቀየርኩት።»

መሰረት መጀመሪያ ካርቱኑን ከፈተች። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ቀጥላ የወንደሰንን አዲስ ቪዲዮ ከፈተች። ጩኸቱ ያስተጋባል፤ ከኋላው ቆርቆሮ ይንጫጫል። እትዬ እታገኘሁ አፋቸውን ያዙ።

«የትናንቱ በረዶ!»

«አዎ እትዬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ ወረደ፤ የጉድጓዱም ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዴራ ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ጠብታ አልጣለም። ብርድ ልብስ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ደግሞ በረዶ አይሰማበትም፣ አያስተጋባም። ደጉ ቃሉን ለሁለተኛ ጊዜ ተናግሯል፤ ከዚህ ጉድጓድ ውስጥ። አንተ ከላይ ሆነህ ቀዳኸው።»

ወንደሰን አቀረቀረ። «ቪዲዮዎቹን አጥፋ ብሎ ያዘኝ። ገፋሁት። ከዚያ ሲጮህ... ድምፁ ከድሮው ይሻል ነበር።»

መሰረት ጥላቻዋን መደበቅ አቃታት። «ገመዱስ?»

በዓይኑ የጉድጓዱን ጣሪያ ምሰሶ አሳየ። የውሃ መቅጃው ገመድ እንደተጠቀለለ ተሰቅሏል።

ሶፊ ልጇን ለእትዬ እታገኘሁ አቀብላ ገመዱን አወረደች፤ ቀስ እያለች ወደ ጉድጓዱ ለቀቀችው። ውሃው ጋ ደረሰ። እጇ ላይ ገና ብዙ ተርፎ ነበር።