የሰባት ሰዓት ውሃ

የሐሴትን አስከሬን ያገኘው ውሻ ነው።

ከእንግሊዝ የወደብ ከተማ ከሊቨርፑል በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ርቃ፣ ዌስት ከርቢ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች። ከፊቷ ሂልብሬ የተባለች ደሴት ትታያለች። ባሕሩ ሲሸሽ ሰው አሸዋውን በእግሩ አቋርጦ ይደርስባታል። ባሕሩ ሲመለስ መንገዱ ይጠፋል። ባለፈው መስከረም አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ፣ ውሃው ሸሽቶ ሲያበቃ፣ ከጌታው ጋር የወጣ ውሻ እርጥቡ አሸዋ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ።

የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። አንዱ ጫማዋ እግሯ ላይ አልነበረም።

ሐሴት አሜሪካ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ነርስ ነበረች። ለጓደኛዋ ሰርግ ሊቨርፑል ሄዳ፣ አገር ጎብኚ ብዙም የማያውቃቸውን ቦታዎች ለማየት ሦስት ቀን ጨመረች። እጮኛዋ ንዋይና የአክስቷ ልጅ ብሩህ አብረዋት ነበሩ። አስከሬኗን ይዘው የተመለሱት እነሱ ናቸው። በእንግሊዝ መዝገቡ ገና አልተዘጋም። እዚህ ግን ለቅሶ የመጣው ሁሉ “አደጋ ነው፤ ምን ይደረጋል” ብሎ ሄደ።

እናቷ ወይዘሮ ፀዳለ ብቻ አላመኑም።

አርባዋ ባለፈ ማግስት፣ እዚያው አሜሪካ አጠገባቸው ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ወረዱ። ባዩሽ እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ወንጀል መርምራለች። የእድሩ ሰው እስካሁን “ሻምበል” ይላታል።

“ባዩሽዬ፣ ልጄ መድኃኒት ሦስቴ ሳታነብ ለበሽተኛ አትሰጥም ነበር” አሏት። “የባሕሩን ሰዓት ሳታነብ እንዴት ትገባለች?”

ባዩሽ ወንበር ሳበችላቸው። ጥያቄው ልክ ነበር።

“እትዬ ፀዳለ፣ ከማን ተጣልታ ነበር?”

“ከንዋይ። ሊሄዱ ሲሉም ሆድና ጀርባ ነበሩ። ‘ሆቴል ተኝቼ ነበር’ አለኝ። ብሩህ ግን ክፍሉን ቢያንኳኳ የሚከፍት አጣ።”

በማግስቱ ባዩሽ ስካይላይን ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። ንዋይ በረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ አሥራ አራተኛው ላይ ይኖራል። ጢሙ አድጓል። መጋረጃው በጠራራው ቀን ተዘግቷል።

“ተኝቼ ነበር ብለሃል።”

“አዎ።”

“አልተኛህም።”

ከኮሪደሩ የሊፍቱ ድምፅ ተሰማ።

“እትዬ ባዩሽ፣ ማታውን ተጣልተን ነበር። የሆነ ነገር ትደብቀኝ ነበር። ‘ምስጢሩ የኔ አይደለም፤ ስንመለስ ትሰማዋለህ’ አለችኝ። ሌላ ሰው ያላት መሰለኝ። ጠዋት ተናድጄ ብቻዬን ክሮዝቢ ሄድኩ። እሷ እየሞተች እኔ ፎቶ እያነሳሁ ነበር። ይሄን ለእናቷ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?”

ስልኩን ሰጣት። ክሮዝቢም የባሕር ዳርቻ ነው፤ ከሊቨርፑል በሌላው አቅጣጫ። አንድ መቶ የብረት የሰው ሐውልቶች ፊታቸውን ወደ ባሕር አዙረው ቆመውበታል። በፎቶው ላይ ግን የሚታየው የጥቂቶቹ ራስ ብቻ ነበር። ውሃው አንገታቸው ደርሷል። የቀሩት ሰጥመዋል።

ባዩሽ ሰዓቱን አየች። በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 12:50።

“ውሃው ሁሌ እንዲህ ነው?”

“አይደለም፤ ሙሉ የሆነ ጊዜ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ጫፍ ይደርሳል አሉኝ።”

“በሐሴት በኩልም?”

“አንድ ባሕር እኮ ነው። ምነው?”

“የጉዞ ፕሮግራሙን ማን አወጣ?”

“ብሩህ። በግሩፓችን ቴክስት አድርጎልናል።”

አነበበችው። *8:15 ባቡር። 9:00 አሸዋው ላይ። ውሃው የሚመጣው በ7። 12:30 ምሳ። 3:00 የመሬት ውስጥ ዋሻዎቹ።*

ሁለቴ አነበበችው። ጣቷን “በ7” የሚለው ላይ አሳረፈች።

“ሐሴት በአበሻ ሰዓት ትቆጥራለች?”

“በፍጹም። በአራት ዓመቷ ነው አሜሪካ የመጣችው። እንዲያውም ብሩህ በዚሁ ነበር የሚስቅባት።”

ብሩህን ወይዘሮ ፀዳለ ናቸው ያሳደጉት። እህታቸው ስትሞት በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከአዲስ አበባ አስመጡት። “እማዬ” ይላቸዋል። በቀብሩ ቀን ደግፎ ያቆማቸው እሱ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ባዩሽና ንዋይ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወይዘሮ ፀዳለ ቤት ደረሱ። ብሩህ በሩን ከፈተላቸው። ንዋይን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

“እስከ ባሕሩ ድረስ ሸኝተሃታል አይደል?” አለች ባዩሽ፣ ገና ሳትቀመጥ።

“ሸኘኋት። በረደኝና ተመለስኩ።”

“ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አለ።”

“ቀድሜያት አንብቤ ነገርኳት፤ አምናኝ ገባች።”

“ምን ብለህ?”

“ውሃው በሰባት ይመጣል ብዬ።” አይኑ እንባ ሞላ። “በኛ ሰባት ሰዓት ማለቴ ነበር፤ በፈረንጅ አንድ። እሷ የማታ ሰባት መሰላት። እማዬ፣ ይሄን ነው ያልነገርኩሽ። በኔ ስህተት ነው የሞተችው!”

ወይዘሮ ፀዳለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ለቅጽበት ሊያቅፉት ተነሱ።

“ይቀመጡ፣ እትዬ” አለች ባዩሽ። “ባቡሩን በፈረንጅ ጻፍክ። ምሳውን በፈረንጅ። ዋሻውን በፈረንጅ። ሞቷን ብቻ በአበሻ?”

“ተምታታብኝ።”

“ይሁን። ስንት ሰው ደሴት ላይ ተይዞ ውሃው እስኪሸሽ ተቀምጦ ይመለሳል። እሷ ለምን አልተቀመጠችም? ምን አስቸኮላት?”

“እኔ ምን አውቃለሁ?”

ባዩሽ ወደ ወይዘሮ ፀዳለ ዞረች። “የሐሴት ታብሌት እዚህ ነው?”

ከሐሴት መኝታ ቤት አመጡት። ከጉዞው ወዲህ የነካው ሰው አልነበረም። የሐሴት ስልክ ባሕር ውስጥ ቀርቷል፤ መልእክቶቿ ግን እዚህም ይገባሉ። ንዋይ የይለፍ ቁጥሩን ያውቃል። እሱ አስገባው።

ብሩህ ተነሳ። ንዋይ በሩን ይዞ ቆመ።

ባዩሽ የመጨረሻውን መልእክት ጮክ ብላ አነበበች። ከብሩህ፣ በፈረንጅ ከጠዋቱ 10:40።

“*ንዋይ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። አሁኑኑ ነይ። ውሃው ገና ነው፤ ሩጪ።*”

“እኔ ክሮዝቢ ነበርኩ” አለ ንዋይ።

በዚያ ሰዓት ውሃው በየቦዩ እየገባ ነበር። ቁርጭምጭሚት እንጂ ጉልበት አይደርስም። ሰው የሚደፍረው ዓይነት ውሃ ነው። መሃል ሲደርሱ ግን ከኋላም ይዘጋል።

ባዩሽ መልእክቶቹን ወደ ኋላ መለሰቻቸው። ከጉዞው ሳምንት በፊት ሐሴት ለብሩህ የጻፈችው አለ።

“*በመኪናዬ የገጨኸው አጋዘን አይደለም። የሰውዬውን ፎቶ ላንግሊ ፓርክ ባስ ማቆሚያው ላይ ለጥፈውታል። አበባ አስቀምጠውለታል። ከሊቨርፑል ስንመለስ ፖሊስ ጋ አብረን እንሄዳለን። ብቻህን አልተውህም፤ ግን ዝም አልልም።*”

ከሥሩ የብሩህ መልስ፦ “*እሺ እህቴ።*”

ባዩሽ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ሰውዬው በድንገት ነው የገባብኝ” አለ ብሩህ። ድምፁ የልጅ ሆኗል። “ፈርቼ ሮጥኩ። መሞቱን በማግስቱ ነው የሰማሁት። ለመንኳት። ስንቴ ለመንኳት! የዜግነት ቃለ መሐላዬ ወር ቀርቶት ነበር። ያንን ሰሌዳ ሳነብ… እማዬ፣ አስቤ አልሄድኩም። እዚያ ቆሜ ነው የመጣልኝ።”

“ፕሮግራሙን የጻፍከው በዋዜማው ነው” አለች ባዩሽ።

አንገቱን ደፋ።

ወይዘሮ ፀዳለ ቀርበው አገጩን በእጃቸው ቀና አደረጉት። ረጅም ጊዜ አዩት።

“ስትጠራህ ትሰማ ነበር?”

“እማዬ…”

“ዳር ቆመህ ነበር ወይ? ስትጠራህ ትሰማ ነበር?”

አልመለሰም። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁትም። ስልኩን አንስተው ፖሊስ የጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ስሙን ፊደል በፊደል ቆጥረው። እስኪመጡ ድረስ አጠገቡ ተቀመጡ። አልነኩትም። ሲወስዱትም አላለቀሱም።

ሐሙስ ዕለት ጥቁራቸውን እንደለበሱ አውቶቡስ ይዘው ላንግሊ ፓርክ ሄዱ። ባዩሽ ተከተለቻቸው። የሟቹ ቤተሰብ የሚኖርበት አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንኳኩ። አንዲት የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ አሮጊት ከፈቱ። እሳቸውም ጥቁር ለብሰዋል። የልጅ ልጃቸው ለማስተርጎም ከኋላ መጣች።

“ባለቤትዎን የገደለው እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው” አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። “ልጄ መጥታ ልትነግርዎ ነበር። ስላልቻለች እኔ መጣሁ።”

ልጅቷ ተረጎመች። አሮጊቷ የወይዘሮ ፀዳለን ጥቁር ልብስ አዩ። ከዚያ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና መንገድ ለቀቁላቸው።