የደረቅ ቼክ ግድግዳ

«አባዬ፣ ቆይ! አትለጥፈው!» አለች ኮሪን።

አባቷ ዴል ግን ፕላስተሩን በጥርሱ ቆርጦ ወረቀቱን ከባንኮኒው ኋላ ካለው ግድግዳ ላይ ለጠፈው። በወፍራም ጥቁር ቀለም «ቲልዳ ግሮት» ይላል። ከላይዋም ከታችዋም ሌሎች ስሞች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከኮሪን አያት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ውለው አድረው በፀሐይ ገርጥተዋል። በዚህ የአዮዋ መንደር ለነዴል ሱቅ ደረቅ ቼክ የሰጠ ሰው ስሙ ግድግዳው ላይ ይወጣል። የሚወርደው ራሱ ባለቤቱ መጥቶ ጥሬ ገንዘብ ሲከፍል ብቻ ነው። ሳይወርዱ የሞቱም አሉ።

«ባንኩ መልሶታል» አለ ዴል። «የተመለሰ ቼክ የተመለሰ ቼክ ነው።»

ኮሪን ኮምፒውተሩ ላይ ተጣደች። ቤተሰቡ ጫጩት አስፈልፍሎ በፖስታ ይሸጣል። የኢንተርኔት ሱቁን የሠራችው እሷ ናት። ሽማግሌ ደንበኞቻቸው ካርድ አይወዱም፤ «ለማሽን የካርድ ቁጥሬን? ሞቼ ነው!» ይላሉ። ቼክ ግን ያምናሉ። ስለዚህ ኮሪን በገና ዕረፍት ቁጭ ብላ በማዘዣ ቅጹ ላይ የኤሌክትሮኒክ ቼክ ጨመረች። ገዢው ወረቀቱን በፖስታ መላክ ቀርቶለት፣ ከቼኩ ግርጌ የታተሙትን ቁጥሮች ቅጹ ላይ ይሞላል፤ ገንዘቡም ከሂሳቡ ይነሳል። ሰው እንዳይደናገር ብላ የአባቷን ቼክ እያየች ሥዕል ሣለች። መጀመሪያ የባንኩ ቁጥር፣ መሃል ላይ የሂሳብ ቁጥር፣ መጨረሻ የቼኩ ተራ ቁጥር። በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ቀስት አደረገችበት። እንዴት ኮርታበት ነበር!

የቲልዳን ትእዛዝ ከፈተች። በሂሳብ ቁጥር ቦታ የተሞላው አራት አሃዝ ብቻ ነው።

አባቷ የሁሉንም ቼክ ኮፒ ስለሚያስቀምጥ፣ ኮሪን ቲልዳ አምና በፖስታ የላከችውን ፈልጋ አገኘች። የቲልዳ ትንሽ ባንክ ተራ ቁጥሩን መሃል፣ የሂሳብ ቁጥሩን መጨረሻ ነው የሚያትመው። ሴትዮዋ ሥዕሉን ተማምና ቀስቱ ያሳያትን ሞላች። ቅጹም ምንም ሳያመነታ «ክፍያዎን ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን!» አላት። ይህንንም የጻፈችው ኮሪን ናት። ከአባቷ ቼክ በቀር የሌላ ሰው ቼክ አይታ አታውቅም፤ ማየት እንዳለባትም አላሰበችም።

«አባዬ፣ እይ እስቲ! ገንዘብ አጥታ አይደለም። ቁጥሩ ነው የተሳሳተው፣ የኔ ቅጽ ነው ያሳሳታት።»

ዴል ቀና ብሎም አላየም። «ኮሪ፣ አምና ‹ባንኩ ነው ያጠፋው› ያለኝ ሰውዬ ዳክዬዎቼን ይዞ እንደወጣ ቀረ። ምክንያት የሌለው ሰው የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ እጅ እንዳጠራት አገር ያውቃል። አዝንላታለሁ። ግን አባቴ ለገዛ ወንድሙም አላደላም።»

በዚህ መሃል የአጎቷ ልጅ ዌይሎን ከመፈልፈያው ክፍል ካርቶን ታቅፎ ብቅ አለ። ካርቶኑ ይንጫጫል። «የቲልዳ ግሮትን ወዴት ላድርገው? የፖስታ ቤቱ መኪና እየመጣ ነው።»

«ለሌላ ሰው ላከው» አለ ዴል። «ተጠባባቂ ሞልቷል።»

ጫጩት ቀጠሮ አያውቅም፤ በተፈለፈለበት ቀን ካልተላከ መንገድ ላይ ያልቃል። ኮሪን ስልኩን አንስታ ለቲልዳ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። ደግማ ደወለች። ዌይሎን በካርቶኑ ላይ የሌላ ሰው አድራሻ ሲለጥፍ እያየች ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ ተዪው» አላት ዌይሎን። «ሮጠሽ አታደርሺው፣ የሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው።»

መኪናው መጣ፣ ጫነ፣ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ከቲልዳ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ሴትዮ መኖ ልትገዛ ገባች። ቦርሳዋን እየከፈተች ግድግዳውን አየች። «እንዴ! ቲልዳ? የኛዋ ቲልዳ?»

«ስህተት ነው» አለች ኮሪን። አባቷ አጠገቧ ስለቆመ የማን ስህተት እንደሆነ አልጨመረችም።

«እህ፣ መቼም ስህተት የማይሠራ የለም፣ የኔ ልጅ» አለች ሴትዮዋ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች። ወሬው ከመኖው ጋር ተጭኖ ሄደ።

በማግስቱ ኮሪን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልኩ ጮኸ።

«ኮሪን ነሽ ልጄ? ቲልዳ ነኝ። ስሜ ግድግዳው ላይ ወጣ አሉኝ።»

«እትዬ ቲልዳ፣ ጥፋቱ እኮ የርስዎ አይደለም! እኔ የሣልኩት ሥዕል…»

«አይ፣ ዓይኔ ነው። ከታከምኩት ወዲህ ደህና አያይም። ሃሮልድ ቢኖር እሱ ይሞላልኝ ነበር። መንዳት አቃተኝ እንጂ ራሴ መጥቼ በከፈልኩ። አባትሽን ይቅርታ በይልኝ።»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም! ቅጹ ያለዎትን ነው የሞሉት፣ ቅጹ ነው…»

«እኔ እንግዲህ ኮምፒውተር አላውቅም፣ የኔ ዓለም። እስከ ዛሬ ጠዋት ጫጩቶቹ ይመጣሉ ብዬ ሳጥኑን በአምፖል ሳሞቅላቸው ነበር። አሁን አጠፋሁት። በይ፣ ደህና ሁኚ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኮሪን አለቀሰች፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይበልጥ ነበር። ሴትዮዋ ጥፋቱን አንስታ ተሸክማዋለች፤ መልሰሽ አውርጂው ብትባልም የምትሰማ አይደለችም። አባቷም አይሰማም። ወረቀቱን ብትገነጥለው አባቷ መልሶ ይለጥፈዋል።

ሥዕሉን ከቅጹ ላይ አነሳች፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ ባዶ ወረቀት ስባ፣ ያንኑ ወፍራም እስክሪብቶ አንስታ ጻፈች። ወንበር ላይ ወጥታም ከቲልዳ ስም ጎን ለጠፈችው።

ዴል ከመፈልፈያው ክፍል ሲወጣ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ኮሪን ሃውክ» የሚለውን አነበበ። «ይሄ ምንድነው?»

«ስሜ ነው።»

«የቤተሰቡ ስም እኮ ነው! ሰው ሁሉ ያየዋል።»

«እሷንም እያዩዋት ነው፣ አባዬ።»

እጁን ወደ ወረቀቱ ዘረጋ፤ እጁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ባለቤቱ ሳይከፍል የማንንም ስም ከዚያ ግድግዳ ላይ አውርዶ አያውቅም፤ አባቱም አላወረደም። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተና ወደ ኋላ ክፍል ገባ።

የበሩ ደወል ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ባርኔጣውን እያወለቀ ገባና ወደ ግድግዳው አንጋጦ ሳቀ። «ደግሞ አንቺ ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ቼክ ይዘዋል?» አለችው ኮሪን። «ያውጡትና ጥፋቴን ላሳይዎት።»