አንድ ቦታ፣ ሁለት ዶክተሮች

ዲቦራ ሦስተኛ ዲግሪዋን ከያዘች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ለአምስት ዩኒቨርሲቲዎች አመልክታ፣ አምስቱም «እንደውልልሻለን» ብለው ሳይደውሉ ቀሩ። እናም ቴፒ ያለው ካምፓስ የቡና ሳይንስ መምህር እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲያወጣ ልቧ ከደረቷ ሊዘል ደረሰ። ክፍት ቦታው ግን አንድ ብቻ ነበር።

በፈተናው ቀን ማለዳ ከሚዛን የተሳፈረችበት ሚኒባስ ቴፒ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ግንድ የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ መንገዱን ዘግቶታል። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቷ ሁለት ተኩል ይላል። ጫማዋን አውልቃ ወረደች።

«በእግር ልትሄጂ ነው?» አላት ከኋላዋ አንድ ረጅም ወጣት፣ ፋይሉን በፌስታል ጠቅልሎ እንደታቀፈ።

«ታዲያ ክንፍ አውጥቼ ልብረር?»

ሳቀና እሱም ጫማውን አወለቀ። ባስልኤል ይባላል፤ የአማን ልጅ ነው። እየተንሸራተቱ ትንሽ እንደሄዱ መንገድ ዳር ቆሞ የደረቀ የቡና ዛፍ አዩ።

«አፈሩ ነው» አለ። «ውኃ ቋጥሮ ሥሩን አፍኖታል።»

«በፍጹም! በሽታ ነው።»

ብትቸኩልም አላስቻላትም። በቁልፏ ቅርፊቱን ፋቀችው፤ ውስጡ ጥቁር መስመር ወጣ። «አየህ?»

እሱ የሚያየው ግንዱን አልነበረም።

«የት ነው የምትሠሪው?» አላት።

«ዛሬ ከቀናኝ ቴፒ ካምፓስ። ለመምህርነት ልፈተን ነው።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «እኔም።»

ዲቦራ ሳቋ አመለጣት፤ ሁለቱም ጭቃውን እየረጩ መሮጥ ጀመሩ።

ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነበሩ። በመምህራንና በተማሪዎች ፊት ተራ በተራ ሲያስተምሩ፣ ሌሎቹ ከኋላ ተቀምጠው እንዲሰሙ ተፈቅዶ ነበር። ዲቦራ ቀድማ ጨረሰች። የባስልኤል ተራ ሲደርስ ስለ አፈር እያስረዳ ቆየና ድንገት ቆም አለ።

«ዛሬ ጠዋት አንድ የደረቀ ቡና አይቼ ‹አፈሩ ነው› ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ያረመችኝ እዚያ የተቀመጠችው ዶክተር ዲቦራ ናት።»

ዲቦራ የምታይበት ጠፋት።

በሳምንቱ ውጤት ተለጠፈ። ዲቦራ በአንድ ነጥብ ተኩል አንደኛ! በፈተናው ቀን ስልክ ተለዋውጠው ስለነበር፣ ከሁሉም ቀድሞ የደወለው ሁለተኛ የወጣው ባስልኤል ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ!» ሲላት ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ፈለገች፤ አጣች። ከዚያን ቀን ወዲያ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይመታ ጀመር።

የሥራ ደብዳቤዋን ልትቀበል ስትሄድ ግን ሌላ ወረቀት ተሰጣት። አንድ ተወዳዳሪ «በትውውቅ አድልዎ ተደርጎላታል» ብሎ ስለከሰሰ፣ ቅጥሩ እስኪጣራ ይቆያል ይላል። ስም አልተጻፈበትም።

እናቷ ወይዘሮ በየነች አንብባ ራሷን ነቀነቀች። «አንቺ ብትሰረዢ ማን ይገባል?»

«ሁለተኛው» አለች ዲቦራ፤ እንባዋ መጣ። ከዚያ በኋላ የባስልኤልን ስልክ አላነሳችም።

በሦስተኛው ሳምንት ዲኑ አስጠርቷት ቅጥሯ መጽደቁን ነገራት። ከሳሹ ሦስተኛ የወጣው ሰው ነበር። ዲኑ ቀጥሎ አንድ ደብዳቤ ገፋ አደረገላት። «ይህን ደግሞ ሌላው ተወዳዳሪ ማንም ሳይጠይቀው ጽፎ ያስገባው ነው።»

«ሁለተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ» ይላል ደብዳቤው። «ውጤቱ ቢሰረዝ የምጠቀመው እኔ ነበርኩ። ሆኖም ዶክተር ዲቦራ ስታስተምር ተቀምጬ ሰምቻታለሁ። በልጣኛለች። ባስልኤል ፈንታው።»

ዲቦራ ከቴፒ አማን እስክትደርስ መቀመጫው አልመች አላት። የባስልኤል አባት፣ ጡረታ የወጡት መምህር ፈንታው፣ በር ላይ አገኟት። «ጓሮ ነው፤ ግድግዳውን እያስተማረ» አሏት።

እውነትም ባስልኤል ጠመኔ ይዞ ግድግዳው ላይ ይጽፋል። ለቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ፈተና እየተዘጋጀ ነበር። ሲያያት ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ስልክ መች አነሳሽልኝ!»

«በሰው ጥፋት ቀጣሁህ። ይቅር በለኝ።»

ዓይኖቹ ቀድመው ይቅር አሏት።

እሷም በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። «በል ከመጀመሪያው ጀምር። ካልገባኝ እጄን አወጣለሁ።»

ሦስት ቀን ሙሉ እጇን ስታወጣ፣ ሲከራከሩ፣ ሲስቁ ሰነበቱ።

ቦንጋ ሄዶ በተፈተነ በሳምንቱ፣ ዲቦራ የመጀመሪያ ትምህርቷን ሰጥታ ከክፍል ስትወጣ ስልኳ ጮኸ።

«አለፍኩ! አንደኛ!» እየጮኸ ነው። «ዲቦራ፣ ተቀጠርኩ!»

እልል አለች። ተማሪዎቿ ዞረው አዩዋት፤ ግድ አልሰጣትም።

«ባስልኤል፣» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ሽማግሌ መቼ ነው የምትልከው?»

አፉን ከስልኩ አርቆ ሲጣራ ሰማችው፦

«አባዬ! ኮትህን ልበስ!»